የተሸናፊን ንግግር አሳምረው የሚጽፉት ጋሽ ገብሬ

«ጋሽ ገብሬ አረፉ» ብላ ህሊና ስትደውልልኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «በዓይንሽ ነው በጆሮሽ?» የሚል ነበር። ነፍስ ይማር አላልኩም። እግዚአብሔር ያጥናን አላልኩም። ኦስሎ፣ ግሩነርሎካ ላይ ትራም እየጠበቅኩ ነበር፤ አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ ፊቴን አይታ ፈቀቅ አለች። ህሊና ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረባት።

«በጆሮዬ» አለች። «ልጃቸው ከትሮምሶ ለፓፓ ደወለችለት።»

«በጆሮ ከሆነ ገና አላመንኩም» አልኳት።

በኋላ አመንኩ፤ ምን አማራጭ አለኝ። ግን ያን ጥያቄ ሳልጠይቅ ሞታቸውን ብቀበል ከመቃብር ተነስተው የሚቆጡኝ መሰለኝ። ጥያቄው የራሳቸው ነበር። ኦስሎ ውስጥ የኛ ሰው ወሬ ከግሮሩድ ተነስቶ መሀል ከተማ ለመድረስ ባቡር አይጠብቅም። እገሊት ባሏን ፈታች፣ እገሌ መኖሪያ ፈቃዱን ተከለከለ፣ ሲባል ይውላል። ጋሽ ገብሬ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ያነሳ ሰው ግን ሳይጨርስ «በዓይንህ ነው በጆሮህ?» ይባላል። በጆሮው ከሆነ «እንግዲያው ተባለ በል» ይሉታል። ይህን የተማሩት ከጥንቶቹ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊዎች ነው። ከእነሱ አንዱ አገር ለአገር እየዞረ ሲጽፍ ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ጋር መድቦ ይለይ ነበር። ጋሽ ገብሬም ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ዘግይተው ያንኑ ሕግ ግሮሩድ ላይ ሊያስከብሩ ተነሱ። እንዳልተሳካላቸው መናገር አያስፈልግም፤ መታገላቸውን ግን እኔ ምስክር ነኝ። ያየሁት በዓይኔ ነው።

ያወቅኳቸው ሄልስፊር፣ ሁለታችንም በምናጸዳው ባለ ሰባት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ነው። አገር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ታሪክ አስተምረዋል፤ መጀመሪያ ደሴ፣ ቀጥሎ አስመራ። አጭር፣ ሲራመዱ ወደ ፊት የሚያዘነብሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ነበሩ። ከሰማያዊው የሥራ ልብስ ሥር ሁልጊዜ ከረባት ያስራሉ። «ለማን ብለው ነው?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ሃያ ሁለት ዓመት አስሬዋለሁ። ያለሱ አንገቴን ይበርደኛል» አሉኝ።

ትውልዳቸው ከወዴት እንደሆነ አረጋግጦ የሚያውቅ አልነበረም። ሙሉ ስማቸው ገብረማርያም ነው፤ ይህ ስም ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ይገኛል። ትግርኛው ስለሚቀናቸው ኢትዮጵያውያኑ «ኤርትራዊ ናቸው» ይላሉ፤ አማርኛቸው ስለሚጥም ኤርትራውያኑ በኖርዌይኛ «ናይ፣ አይደሉም፣ የናንተ ናቸው» ይላሉ። ጥያቄው የበዛባቸው ቀን «የአቴና ሰው ነኝ። ተባርሬ ነው እዚህ የመጣሁት» ብለው ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ጋሽ አቴና የሚሏቸው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ቅጽል ስሙን እንደ ሹመት ተቀበሉት።

የቢሮ ሰዎች ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እኛ እንገባለን። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ረጅምና ግራጫ ወለል ያለው ኮሪደር አለ። ጋሽ ገብሬ መወልወያውን ሳይጨምቁ ያነሱና በውሃ ካርታ ይሥሉልኛል። «ይቺ አቴና ናት። ይቺ ስፓርታ። በመሀል ያለው ይኸ ጠባብ መሬት ቆሮንቶስ። አትርገጪው!» ይላሉ። እኔ ባልዲዬን ይዤ ባሕር ውስጥ ቆሜ እገኛለሁ። አንድ ቋንቋ እየተናገሩ፣ አንድ ዓይነት አማልክት እያመለኩ፣ በአራት ዓመት አንዴ አብረው ሩጫ እየተወዳደሩ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዴት እንደተጨራረሱ ይነግሩኛል። የጦርነቱን መጨረሻ አንድም ቀን በካርታ አላየሁም። ወለሉ ቶሎ ይደርቃል።

ኖርዌይኛን የለመዱት እነዚያኑ የግሪክ ታሪኮች ከቤተ መጻሕፍት በትርጉም እየተዋሱ፣ በመዝገበ ቃላት እየተረዱ ነው። ስለዚህ የአውቶቡስ ትኬት መጠየቅ ሳይችሉ በፊት ከበባ፣ ተኩስ ማቆም፣ የሰላም መልእክተኛ ማለትን ያውቁ ነበር። ኮሙኑ ቢሮ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ገብተው ሲናገሩ ሠራተኞቹ ጦር የታወጀባቸው ይመስል ቀና ብለው ይቀመጣሉ።

አንድ ጊዜ አለቃችን፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ የሰላሳ ዓመት ልጅ፣ ለእያንዳንዱ መጸዳጃ ቤት አራት ደቂቃ ብቻ የሚፈቅድ ወረቀት ይዞ መጣ። ዘጠኛችንም ቆመን ሰማነው። እኔ ምላሴ ዝም አይልም፤ ለምን ብዬ ጠየቅኩት። «እንዲህ ነው፣ በቃ» አለኝ። ጋሽ ገብሬ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ እጃቸውን አወጡና በዚያ የጦር ሜዳ ኖርዌይኛቸው የሜሎስን ታሪክ ነገሩት። አቴናዎች በብዙ መርከብ ትንሿ ደሴት ላይ መጥተው፣ ፍትሕ እኩዮች የሚነጋገሩበት ነገር ነው፣ እናንተ ደካሞች ናችሁና ተገዙ እንዳሏቸው፤ ሜሎሶችም እንቢ እንዳሉ።

«ከዚያስ?» አለ ልጁ።

«ከተማቸው ተያዘ። ወንዶቹ ተገደሉ፤ ሴቶቹና ሕፃናቱ ተሸጡ።»

«ታዲያ እሺ ቢሉ አይሻልም ነበር?»

«ምናልባት። ግን አቴናዎች የዚያን ቀን የተናገሩት ተጽፎ ቀርቷል። እስከ ዛሬ ያሳፍራቸዋል። አንተም አሁን ያልከውን ጽፌዋለሁ» ብለው የኪስ ማስታወሻቸውን አሳዩት። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ «እንዲህ ነው፣ በቃ» የሚለውም አለ። የልጁ ፊት ቲማቲም መሰለ። ያን ወረቀት ሁለተኛ ዓይናችን አላየውም።

ቅዱስ አላደርጋቸውም፤ እሳቸውም አይወዱትም። ሲበዛ ግትር ነበሩ። ሰው ማመስገን ከአቅማቸው በላይ ነበር። ነጭ ሽንኩርት ጥሬውን እየበሉ ባቡር ላይ አጠገቤ ይቀመጣሉ። አንድ ሠርግ ላይ ለሙሽራዋ የስፓርታ ሙሽሮች በሠርጋቸው ቀን ፀጉራቸው ተላጭቶ የወንድ ልብስ ይለብሱ እንደነበር ዘርዝረው ነግረዋት፣ ስንት ሰዓት የተሠራ ፀጉሯን በሁለት እጇ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። እናትየው ልታስወጣቸው ስትነሳ የለመንኳት እኔ ነኝ። እሳቸው ግን ሲወጡም «ያልኩት ውሸት ነው እንዴ?» እያሉ ነበር።

ያን ጊዜ ግሮሩድ ላይ አንድ እድር ነበረን። የተቋቋመው ከድንበሩ ጦርነት በፊት፣ ሁላችንም ጥቂት በነበርንበት ዘመን ስለሆነ ኢትዮጵያዊውም ኤርትራዊውም በአንድ መዝገብ ነው ያለው። ከጦርነቱ በኋላ ሌላው ማኅበር ሁሉ ለሁለት ሲከፈል የኛ ሳይከፈል ቀረ። ሰው ስለተዋደደ አይደለም፤ እንለያይ ብሎ መጀመሪያ አፉን የሚከፍት ስለጠፋ ነው። ሊቀመንበሩ የህሊና አባት አቶ ደምሴ፣ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ጸሐፊው ጋሽ ገብሬ።

ቃለ ጉባኤ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። ስለ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሰፊ ውይይት ተደርጎ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል ይላል፤ አለቀ። የጋሽ ገብሬ ቃለ ጉባኤ እንደዚያ አልነበረም። የተናገረውን ሰው ሁሉ ንግግር ይጽፋሉ፤ የደገፈውንም የተቃወመውንም። ያውም ሰውየው ከተናገረው አሳምረው ነው የሚጽፉት። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ሲነበብ ሁሉም ጆሮውን አቁሞ የራሱን ይጠብቃል። ሲናገር የሚንተባተበው ሰው ሳይቀር ራሱን እየነቀነቀ «ልክ ነው፣ እንዲህ ነበር ያልኩት» ይላል። ለቅሶ ቤት የሚሄደው ሳህን የላስቲክ ይሁን የሸክላ የሚለውን ክርክር እንደ ጦር ምክር ቤት አድርገው ጽፈውት አዳራሹ በሳቅ ፈርሷል። አንድ ቀን ግን ልብ አልኩ፤ ከሁሉ አሳምረው የሚጽፉት ድምፅ ያጣውን ወገን ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «አሸናፊው ውሳኔ አለው፣ ምን ጎደለበት? ለተሸናፊው የሚቀርለት ንግግሩ ብቻ ነው» አሉኝ። ያንን ከዚያ ጦርነቱን ከጻፈው የአቴና የጦር አዛዥ ነው የወሰዱት። ሰውየው አንዲት ከተማ ሳያድን ዘግይቶ ደረሰ ተብሎ ከአገሩ ተባሮ፣ በስደት ሆኖ የሁለቱንም ወገን ቃል ሰብስቦ ጻፈ። የራሱንም ሽንፈት እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ፣ ያለ ምንም ሰበብ፣ በጥቂት መስመር ጽፎ አለፈው። ጋሽ ገብሬ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

ሚሌኒየሙን ባከበርን በዓመቱ፣ መኸር ላይ፣ የወይዘሮ ለተብርሃን ጉዳይ ቀረበ።

ለተብርሃን ኤርትራዊት ናት፤ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ባሏ አቶ ተስፋይ ሳንባው ታሞ ሐኪሞች ክረምቱን መውጣቱን ተጠራጥረዋል። በእድሩ ደንብ ሦስት ቀብር ሳያስፈቅድ የቀረ ይሰረዛል። እሷ ሦስት ቀርታለች፤ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ላይ ናት። አቶ ደምሴ ተነስተው አንቀጹን አነበቡ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ከዚያ እኔ ተነሳሁ። አዎ፣ እኔ። «ሕግ ሕግ ነው። እሷን ዝም ካልን ነገ ማንም ቀብር አይመጣም» አልኩ። ተስፋይ ሲሞት የሚገንዘው፣ ሳጥኑን የሚሸከም፣ ከሷ ጋር የሚቀመጥ እንደማይኖር አውቃለሁ። ዘመድ የላትም። ኮሙኑ ሁለት ሰው ከመኪና ጋር ይልካል፤ ያው ነው። ይህን እያወቅኩ እጄን አወጣሁ። አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ አንድ። እሷ በዚያች ሰዓት የአንዷን አሮጊት አልጋ እያነጠፈች ነበር።

በወሩ ተሰበሰብን። ጋሽ ገብሬ ከረባታቸውን አስተካክለው ተነሱና ቃለ ጉባኤውን ማንበብ ጀመሩ። የኔ ንግግር መጣ። እንዴት አድርገው አሳምረውት ነበር! ስሰማው አፈርኩ፤ ምክንያቱም በሳቸው ድምፅ ሲነበብ የሚያጸድቅ ምክንያት መሰለ፣ እኔ ግን ለምን እንደተናገርኩት አውቃለሁ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ደረሱ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ በኋላ ደግሜ አንብቤዋለሁና።

«የተነገረው ምክንያት ከቀብር መቅረቷ ነው። በመዝገቡ መሠረት ከእሷ በላይ የቀሩ ሰባት አባላት አሉ፤ ስማቸው አልተነሳም። ማንም በአፉ ያልጠራው እውነተኛ ምክንያት የድንበሩ ጦርነት ነው። በዚያ ጦርነት የሊቀመንበሩ ታናሽ ወንድም ጌታሁን ሞቷል። አስከሬኑ አልተገኘም። ይህ እድር ለጌታሁን አልተቀመጠም፤ ሊቀመንበሩ አልነገሩንምና።»

አቶ ደምሴ ፊታቸው አመድ መስሎ ተነሱ። እስከዚያ ቀን ጋሽ ገብሬን አንቱ ይሏቸው ነበር።

«ይህንን ለአንተ የነገርኩህ መኪናዬ ውስጥ፣ ለብቻችን ነው» አሉ። «ለሚስቴ እንኳ በወጉ አልነገርኩም። ሰርዘው።»

«እውነትህን ነው» አሉ ጋሽ ገብሬ። «በምስጢር ነው የነገርከኝ። ምስጢርህን በማውጣቴ በድዬሃለሁ። ይህንንም እጽፈዋለሁ።»

«ሰርዘው አልኩህ!»

«አልሰርዝም። ሐሰት ነው በለኝና አሁኑኑ ልሰርዘው።»

አቶ ደምሴ ሐሰት ነው አላሉም። ጸሐፊው ከኃላፊነቱ ይነሳ አሉና ድምፅ ተሰጠ። ተነሱ። እኔ በዚህኛው ድምፅ እጄን ወደ ላይም ወደ ታችም አላደረግኩም፤ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ነበር። በዚህ ሁሉ መሀል ጋሽ ገብሬ ምን ያደርጋሉ? ይጽፋሉ። የአቶ ደምሴን ክስ ይጽፋሉ። «ጸሐፊው የሰው ምስጢር አውጥቷል ተብሎ ተከሰሰ። ክሱ እውነት ነው። ሰበብ አላቀረበም። ተነስቷል።» ነጥቡን አድርገው መዝገቡን ዘጉ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ ሄደው የኋለኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

አቶ ደምሴ መዝገቡን አንስተው ለኔ ሰጡኝ። «አስቴር፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ጸሐፊ ነሽ። ያችን ገጽ ተይና በሙሉ ድምፅ ተወስኗል ብለሽ እንደ አዲስ ጻፊያት» አሉኝ። ለምን እኔን እንደመረጡ ገባኝ። እጄን የማወጣ ሰው ነኛ።

ወደ ባቡር ስንሄድ ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈልጌ ጋሽ ገብሬን ደረስኩባቸው። ቀድመውኝ «አቴናዎች ሰው ሲያባርሩ ስሙን በሸክላ ስባሪ ላይ ይጽፉት ነበር። እናንተ እጅ ብቻ አወጣችሁ። ስሜን መጻፍ ከበዳችሁ?» አሉኝ። ይቅርታውን ሳልጠይቅ ባቡሩ ውስጥ ገባሁ።

መዝገቡን ቤት ወስጄ የሳቸውን ጽሕፈት ገለጥኩት። በቀብር የተገኙትን ዝርዝር ስቆጥር፣ እንደፈራሁት፣ ከሰባቱ አንዷ እኔ ነኝ። አራት ጊዜ ቀርቻለሁ። ያውም ሥራ ኖሮብኝ አልነበረም፤ ብርዱ አስጠልቶኝ። ጋሽ ገብሬ ሥራ ላይ በየቀኑ አጠገቤ እየወለወሉ ይህን ያውቁ ነበር፤ አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ተናደድኩባቸው። ለምን እንደተናደድኩ አሁንም በትክክል አላውቀውም።

ሰኞ ዕለት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያዝኳቸው። «ምን ልጻፍ?» አልኳቸው።

መወልወያውን ሳይጨምቁ አነሱ። «ይኸ ባሕር ነው» አሉ። «ይቺ አቴና፤ ወዲያ ማዶ ሚቲሌን። ሚቲሌን ዐመፀችና ተሸነፈች። አቴናዎች ተሰብስበው በቁጣ ወንዶቹ ሁሉ ይገደሉ ብለው ወሰኑ። ትእዛዙን የያዘች መርከብ ሄደች። በማግሥቱ ግን ከበዳቸው። ዳግመኛ ተሰብስበው በጥቂት ድምፅ ብልጫ የትናንቱን ሻሩት። የመጀመሪያዋ መርከብ ግን አንድ ቀን ቀድማለች። ሁለተኛ መርከብ ላኩ። ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያውን ሳይለቁ ገብስ በወይንና በዘይት እየለወሱ በሉ፤ ተራ በተራ ተኙ። የፊተኞቹ የያዙት መልእክት ክፉ ስለሆነ አይቸኩሉም ነበር።»

«ደረሱ?»

«አዛዡ ትእዛዙን አንብቦ ሊፈጽም ሲል።»

«ጋሽ ገብሬ፣ እኔ የጠየቅኩዎት ምን ልጻፍ ብዬ ነው!»

«እኔ ከጸሐፊነት ተነስቻለሁ» አሉና መወልወያውን ጨመቁ። «ምን እንደምትጽፊ ልነግርሽ አልችልም። ስለ ግሪክ እንዳላወራ ግን ማንም አልከለከለኝም።»

ኅዳር ላይ ስንሰበሰብ በረዶ ወርዶ ሰው ሁሉ ጫማውን እያራገፈ ገባ። ለተብርሃን የለችም፤ ተስፋይ ሆስፒታል ገብቷል። መዝገቡን ከፈትኩ። በሁለት እጄ ያዝኩት። የጋሽ ገብሬን ገጽ ማንበብ ጀመርኩ፤ እንዳለ፣ ቃል ሳልቀንስ። አቶ ደምሴ ቀና ሲሉ አየሁ፤ አላቆምኩም። ስለ ሰባቱ አባላት የሚለው ጋ ስደርስ እኔ ሥሩ የጨመርኩትን አነበብኩ።

«ከሰባቱ አንዷ አስቴር ናት። አራት ጊዜ ቀርታለች። ማንም አልጠየቃትም። ሕግ ሕግ ነው ብላ እጇን ያወጣችው ይህንን እያወቀች ነው።»

ከዚያ ቆምኩ። «ጋሽ ደምሴ» አልኩ። «ቀጥሎ ያለው የርስዎ ነው። አይነበብ ካሉ አላነበውም፤ አይነበብ ብለዋል ብዬ እጽፋለሁ።»

መሬት መሬት አዩ። እኔ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። «አንብቢው» አሉ በመጨረሻ።

አነበብኩ። ጌታሁን ስል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስጨርስ «የአባታችንንም ስም ጨምሪበት። ጌታሁን ወልዴ ነው» አሉ። ጨመርኩበት። ከመሀል አንድ ሰው «ነፍሱን ይማር» አለ፤ ቀስ በቀስ ሁሉም አለ፤ ኤርትራውያኑም አሉ። የዚያን ጊዜ ህሊና ብድግ አለች። እዚህ ኦስሎ የተወለደች፣ ሕግ የምታጠና ልጅ ናት፤ አንቱታ አታውቅም።

«ግን ፓፓ» አለች። «አስቴር አራት ከቀረች፣ ለተብርሃን ሦስት ከቀረች፣ ለምንድን ነው አንዷ ብቻ የወጣችው? ዴት ኤር ኡሬትፈርዲ!» ፍትሕ አይደለም ማለቷ ነው። «እንደገና ድምፅ እንስጥ።»

ተሰጠ። አሥራ ሰባት ለአሥራ ሦስት፤ ለተብርሃን ተመለሰች። እኔ እጄን ከሁሉ ቀድሜ፣ ብብቴ እስኪታይ ድረስ አወጣሁ። አቶ ደምሴ ከአሥራ ሦስቱ ጋር ነበሩ። እጃቸውን ቀጥ አድርገው ይዘው፣ ልጃቸውን ሳይሆን እኔን እያዩ፣ ቆጥሬ እስክጨርስ አላወረዱትም።

«መቃወሜን ጻፊ» አሉኝ።

«እጽፋለሁ።»

«ምክንያቴንም ጻፊው። ደግሞ አሳምረሽ።»

አሳምሬ ጻፍኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ እሳቸው ከተናገሩት በላይ ጻፍኩት። ጋሽ ገብሬን ወደ ጸሐፊነቱ ይመለሱ ብለን ብንለምናቸው «ናይ፣ ተባርሬያለሁ። እኔ መባረሬን አከብራለሁ» ብለው እንቢ አሉ።

ተስፋይ የካቲት ላይ ሞተ። ግሮሩድ መቃብሩ ላይ አፈሩ ከመጠንከሩ የተነሳ በማሽን ነው የተቆፈረው። የእድሩ ሰው መጣ፤ አቶ ደምሴም የአውቶቡስ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ከሥራ መጥተው የሳጥኑን የፊት ጫፍ ያዙ። ለተብርሃን አየቻቸውና ሳጥኑን ተከተለች። ቀብሩ ሲያበቃ መዝገቡን ከፍቼ በደንቡ መሠረት ስም መጥራት ጀመርኩ። ሰው «አለሁ፣ አለሁ» ይላል፤ ከአፉ ጭስ ይወጣል። ጠርቼ ስጨርስ ጋሽ ገብሬ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። መነጽራቸው በብርዱ ጉም ለብሶ ነበር። ጎሽ ሊሉኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ለሦስት ወር ያቺን ቃል ስጠብቅ ነበር፤ አልዋሽም።

«ኅዳር ላይ ያነበብሽው» አሉኝ በዝግታ። «አራት ጊዜ ቀርታለች ብለሻል።»

«አዎ።»

«የመጀመሪያውን ዓመት ዝርዝር አልገለጥሽውም። አምስት ነው።»

«ጋሽ ገብሬ፣ አሁን? እዚህ ላይ?»

«ታዲያ መቼ?» አሉና የራሳቸውን እስክሪብቶ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አውጥተው ሰጡኝ። ሙቀታቸው ገና አልለቀቀውም። ጓንቴን በጥርሴ አወለቅኩ፤ ገጹን ፈልጌ አራቱን ሰረዝኩና አምስት ብዬ ጻፍኩ።